ለዳኛው ያጠብነው ጉድጓድ

በ1988 ዓ.ም. ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። የወደብ ሥራ ከተውኩ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ወገቤ ከእንግዲህ ጆንያ አልሸከምም ሲለኝ እሺ አልኩት፤ በዕድሜዬ እሺ ካልኳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ወገቤ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ። ስሜን እጽፋለሁ፣ የሱቅ ሰሌዳ አነባለሁ። ይህችን ጽሑፍ ለመጨረስ ስንት ወር እንደፈጀብኝ አልናገርም። የምጽፈው ወሬው ስለተበላሸ ነው። "ሽማግሌው ባለ ላቫጆውን ከሶ ረታው" እያሉ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ረትቻለሁ። እንዴት እንደረታሁ ግን የሚያወራ የለም።

ቤታችን አሰብ ዳር ላይ ነበር፣ የበይሉል መንገድ የሚጀምርበት። ሠላሳ ሁለት ቤት ነን። ከፊሉ አፋር ነው፣ ከፊሉ እንደኔ ከወሎ ወርዶ ወደብ ላይ የቀረ፣ የተረፈው ትግርኛ ተናጋሪ። ባለቤቴ አፋር ናት፣ የበይሉል ልጅ። ከእሷ ጋር በአፋርኛ እንጣላለን፣ በአማርኛ እንታረቃለን።

በቤቶቹ መሃል ጉድጓድ አለን። እኔ ሳልመጣ የተቆፈረ ነው፤ አፉ በጥቁር ድንጋይ የተገነባ፣ ጥልቀቱ ሰባት ክንድ ቢሆን ነው። ውሃው ጨው ጨው ይላል። አዲስ ሰው ሲቀምሰው ፊቱን ያጨማድዳል፣ በሦስተኛው ቀን ይለምደዋል። የቧንቧ ውሃ ቦኖ ጋ ይመጣል፣ በሳምንት ሁለት ቀን፤ እዚያ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት መሄድ፣ ከደረሱ በኋላ ደግሞ መሰለፍ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አሰብ ውስጥ ያልኖረ ሰው ይህን ቢያነብ አይገባውም። የበር እጀታ እጅ ያቃጥላል። ፍየል ጥላ ፍለጋ ሰው እግር ሥር ትገባለች። እንደዚያ ባለ አገር ጉድጓድ አጠገብ ነው ቤት የሚሠራ፤ ጉድጓዱ ከሄደ ቤቱ አጥር ብቻ ነው።

ከጉድጓዱ ሁለት መቶ እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ ሰው ግቢ አጠረ። ላቫጆ ነው፤ መኪና ያጥባል፣ ዘይት ይቀይራል። ተሳቢዎቹ ከወደብ ጭነው ወደ መሃል አገር ከመውጣታቸው በፊት እዚያ ይቆማሉ። የተቃጠለውን ዘይት ከግቢው ጀርባ አሸዋው ላይ ያስቆፈረው ጉድባ ውስጥ ይደፋዋል። አሸዋ ነው፣ ይጠጣል። ማታ ሙሉ የነበረው ጉድባ ጠዋት ባዶ ነው። ሰውየው ይህን እንደ በረከት ያየው ነበር። የት ይሄዳል ብሎ አልጠየቀም። እኛም አንድ ዓመት ሙሉ አልጠየቅንም፤ ይህንንም ልጻፈው።

አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቴ ባልዲውን ይዛ መጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ውሃው ላይ እንደ ቀስተ ደመና ያለ ነገር ተዘርግቷል።

"ጠጣው" አለችኝ።

"ምንድነው?"

"እኔም አላውቅም። ፍየሎቹ አሽትተው ተመለሱ። ፍየል የተመለሰችበትን እኔ ለሰው አልሰጥም።" ከዚያ ቁጭ ብላ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ "ስማኝ፣ ይህ ውሃ ከሄደ እኔም ፍየሎቼን ይዤ በይሉል ነኝ" አለች።

ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር የዛተችውን ሳታደርግ ቀርታ አታውቅም። ልጅ አልወለድንም። ቤቴ ማለት እሷ ናት፣ እሷ ማለት ፍየሎቿ ናቸው፣ ፍየሎቿ ደግሞ ያ ጉድጓድ ናቸው። ተነስቼ ወደ ላቫጆው ሄድኩ።

ባለ ግቢው አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ትሑት ሰው ነው፣ ወንበር አቀረበልኝ።

"ዘይትህ ጉድጓዳችን ገብቷል" አልኩት።

"የኔ መሆኑን በምን አወቁ ጋሼ? አሰብ እኮ ነው። መርከቡም ዘይት ያፈሳል።"

"መርከብ በአሸዋ እየተሳበ ሰፈራችን አይመጣም።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። "ዘይት ይንሳፈፋል። ከላይ ከላዩን ገፈፍ አድርገው የታቹን ይጠጡ" አለኝ።

"አንተ ትጠጣዋለህ?"

"እኔማ በቦቴ ነው የማስመጣው።"

ወንበሩን መልሼለት ወጣሁ። ከኋላዬ አንዱ ሠራተኛ፣ "ዕድሜውን መርከብ ሲያራግፍ ኖሮ አሁን ደግሞ ሊከራከር!" ሲል ሰማሁ።

ሽማግሌ ላክንበት። የመጀመሪያ ቀን ቀረ። ሁለተኛ ቀን ቀረ። በሦስተኛው መጣና ለሽማግሌዎቹ ቀዝቃዛ ለስላሳ ጋብዞ፣ እስኪ ይታያል ብሎ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ለስላሳው ጥሩ እንደነበረ ነገሩኝ።

ክሰስ ያለኝ ሐጂ ነው። የሰፈሩ ባለ ሱቅ፣ ከደሴ የመጣ የዕድሜ እኩያዬ፣ ስኳርና ወሬ በጅምላ የሚሸጥ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ዣንጥላ ዘርግቶ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ጋ ይዞኝ ሄደ። ሰውየው ስንት ናችሁ አለን። ሠላሳ ሁለት ቤት አልነው።

"ሠላሳ ሁለት ቤት ችሎት ገብቶ ሊጮህ አይችልም። አንድ ሰው ወክሉ። እሱ የተናገረው የሁላችሁ ንግግር ነው፤ እሱ ያጠፋው የሁላችሁ ጥፋት ነው። ገብቷችኋል?"

"ገብቶናል" አልን። አልገባንም ነበር።

እኔን ወከሉኝ። ድምፄ ትልቅ ስለሆነ ነው እንጂ ዐዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። ማመልከቻው በትግርኛ ተጻፈ፣ በአማርኛ ተነበበልን፣ ባለቤቴ ለሴቶቹ በአፋርኛ ነገረቻቸው። ሌላው ሁሉ በአውራ ጣቱ ሲፈርም እኔ ስሜን ጻፍኩ። ያን ቀን ኮራሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ዳኛው ወጣት ነበሩ፣ ልጅ ቢኖረኝ ልጄን የሚያክሉ። ወንበሩን አክብሬ አንቱ እላቸዋለሁ። አማርኛ አጥርተው ያውቃሉ፤ ግን ችሎቱ በትግርኛ ስለሆነ በአስተርጓሚ ነበር የምንነጋገር። እኔ ስናገር አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት እሳቸው ፈገግ ይላሉ፣ ከዚያ ፈገግታቸውን ሰብስበው ትርጉሙን ይጠብቃሉ። ባለ ግቢው ከአስመራ ጠበቃ አምጥቷል። ከረባት አስሯል፣ በዚያ ሙቀት። ላቡ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ጉድጓዱ ቆሻሻ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አላቸው፣ ከቆሸሸስ የእኛ ዘይት ለመሆኑ ምን ማስረጃ አላቸው እያለ ተናገረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራው ነው።

ዳኛው ትንሽ ጻፍ ጻፍ አደረጉና ትእዛዝ ሰጡ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ፣ "ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ራሱ ሰፈራችሁ መጥቶ ጉድጓዱን ያያል። የጤና ባለሙያ አብሮ ይመጣል። ውሃው በሁለታችሁ ፊት ተቀድቶ፣ ጠርሙሱ ታሽጎ ወደ አስመራ ይላካል" አለኝ።

እኔ ከዚህ ሁሉ ቃል የያዝኩት አንዱን ብቻ ነው። ዳኛው ሰፈራችን ይመጣሉ።

ሰፈር ገብቼ ስናገር ሴቶቹ እልል አሉ። እኛ ሰፈር እንኳን ዳኛ፣ የቀበሌ ጸሐፊም መጥቶ አያውቅም። ባለቤቴ ግን ወደ ጉድጓዱ አየች።

"ይህን ነው የምናጠጣቸው?" አለች።

አፋር ጋ እንግዳ ሲመጣ ከወተት ቀጥሎ የሚቀርበው ውሃ ነው፣ ውሃውም በዕለቱ ከተቀዳው ጥሩው ነው። የኔም አባት አገር ልማዱ ከዚህ አይርቅም። ቤትህ ለመጣ ሰው የደፈረሰ ውሃ ከሰጠኸው ሰደብከው ማለት ነው። ይህ ስድብ ደግሞ ለልጅ ልጅ ይወራል።

አሁን የሚያነብ ሰው "ምን ዓይነት ጅሎች ናችሁ" እንደሚል አውቃለሁ። ዳኛው የሚመጡት ቆሻሻውን ለማየት አይደለም ወይ? ነው። ይህን አውቅ ነበር። ማወቅና ማፈር ግን አንድ ቦታ አይቀመጡም። እኔ ራሴ ነኝ "ጉድጓዱን እናጥባለን" ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ረቡዕ ከጠዋት ጀምረን እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ቀዳን። ሠላሳ ሁለት ቤት ተሰልፎ ባልዲ ተቀባበለ። የቀዳነውን ራቅ አድርገን ደፋነው። ዘይት የተቀላቀለበት ውሃ አሸዋው ላይ ሲደፋ የእባብ ቆዳ ይመስላል። ውሃው ሲጎድል በገመድ ወረድኩ፣ በዚያ ወገቤ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በጆንያና በልብስ ሳሙና አሸሁ። ከላይ ሴቶቹ ይዘፍናሉ። ከሥር ውሃ ሲመነጭ አየሁ፣ ጥርት ያለ። በመዳፌ ቀመስኩት። የድሮው ጨው ጨው የሚለው ውሃ ነው። እዚያ ታች ቆሜ አለቀስኩ፣ ማንም አላየኝም።

ሐጂ ከሱቁ አዲስ ብርጭቆና ጆግ ላከ። አፋሮቹ አዲስ ሰሌን አነጠፉ።

ሐሙስ ዳኛው መጡ። ጸሐፊያቸው፣ የጤና ባለሙያው፣ ጠበቃው፣ ባለ ግቢው፣ ሁሉም። ሙቀቱ ገና ሦስት ሰዓት ላይ ራስ ያዞር ነበር። ባለቤቴ በሁለት እጇ ብርጭቆውን አቀረበችላቸው። ዳኛው አመስግነው ተቀበሉና በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። "ከዚሁ ነው?" አሉ በአማርኛ፣ አስተርጓሚውን ረስተው።

"ከዚሁ ነው ጌታዬ፣ ከራሱ ከጉድጓዱ!" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ጠበቃው መሐረቡን ከግንባሩ አነሳ። "ክቡር ዳኛ፣ ጠጡት እኮ! ይህ በመዝገብ ይጻፍልኝ" አለ።

ጸሐፊው ጻፈ። የብዕሩ ድምፅ እስካሁን ይሰማኛል። የጤና ባለሙያው ጠርሙሱን በገመድ አውርዶ አወጣ፣ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየው። የዓይን ውሃ ይመስላል። ባለ ግቢው አየኝ። አልሳቀም። ምን እንደሆነ አልገባውም ነበር፤ የተአምር ነገር ነው የመሰለው። እኔ ግን ያኔ ገባኝ። ሰሌኑ ላይ ቁጭ አልኩ።

ውጤቱ ከአስመራ ሲመጣ ዘይት አልተገኘበትም ይላል። ከቀጠሮው በፊት ሐጂ ሱቁ ጓሮ አስቀምጦኝ መከረኝ።

"ባለ ግቢው ከሐሙስ በፊት ሰው ልኮ ጉድጓዱን አስቀድቶታል እንበል።"

"አላስቀዳም።"

"አላስቀዳም፣ አውቃለሁ! ግን ዘይቱን ደፍቶ የለ? እሱ በአንዱ ቢዋሽ እኛ በአንዱ ብንዋሽ ምናለበት? ሠላሳ ሁለት ቤት ይመሰክርልሃል።"

"ስማ ሐጂ፣ ሠላሳ ሁለት ቤት ስሠራ ያየኝን ሥራ አልሠራሁም ልበል?"

"አንተ ሰውዬ፣ ሰውን በውሃ ጥም ልትጨርስ ነው በዚህ ግትርነትህ።"

ይህን ያለኝ በቁጣ ነው። እንዲህ የሚሆን አልመሰለውም፣ እኔም አልመሰለኝም።

ችሎት ቆሜ እውነቱን ተናገርኩ። እኛ ነን ያጠብነው አልኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ቀዳን፣ እኔ ወርጄ በሳሙና አሸሁት። አስተርጓሚው ግራ ገብቶት "በሳሙና?" ብሎ ደገመኝ። አዎ በሳሙና። ችሎቱ በሙሉ ሳቀ፣ ፖሊሱ ሳይቀር። ጠበቃው ግን አልሳቀም፤ ተነስቶ፣ ከሳሽ በራሱ አፍ ማስረጃ ማጥፋቱን አምኗል፣ መዝገቡ ይዘጋልኝ አለ።

ዳኛው በአስተርጓሚ አልጠየቁኝም። "ለምንድነው ያጠባችሁት?" አሉ።

"እንግዳ ስለሆኑ ነዋ።"

ሳቁ ቆመ። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። "አቦይ" አሉኝ፣ በትግርኛ አባቴ ማለት ነው፣ "እኔ እንግዳ አይደለሁም። ዳኛ ነኝ። ዳኛ እንግዳ ከሆነ ፍርድ የለም።"

መዝገቡን አልዘጉም። ጉድጓዱ ሃያ ቀን ይታሸጋል አሉ። ሁለቱም ወገን እንዳይነካው ይቆለፋል። ላቫጆው እንደወትሮው ይሠራል፤ ካልሠራ ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። በሃያ አንደኛው ቀን ተከፍቶ ውሃው ይታያል፣ ጉድባው ሥር ያለው አሸዋም ይቆፈራል። ከዚያ ዓይኔን አይተው፣ "አቦይ፣ ሰኔ ነው። ያለ ጉድጓዱ ሃያ ቀን ትችላላችሁ? የማትችሉ ከሆነ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ" አሉ።

ሰፈሬን ልጠይቅ ማለት ነበረብኝ። ጠበቃው ጥግ ላይ ሆኖ ያየኛል፣ ባለ ግቢው ያየኛል፣ ቅድም የሳቁብኝ ሁሉ ያዩኛል።

"እንችላለን" አልኩ።

ጸሐፊው ይህንንም ጻፈ።

ለጉድጓዱ የቆርቆሮ ክዳን ተሠራለት። ሰንሰለት ታሰረ፣ ሁለት ቁልፍ፤ አንዱን እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን ባለ ግቢው። ከላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጠፈ። ሰዎቹ ሲሄዱ ሴቶቹ ክዳኑን ከበው ቆሙ። አንዷ ወረቀቱን በጣቷ ነክታ፣ "ይሄ ነው እንግዲህ ውሃው?" አለች።

የመጀመሪያውን አምስት ቀን ተቻለ። ከቦኖ ያመጣነውን ተበደርን፣ ተካፈልን፣ ሐጂም በርሜሉን ከፈተ። በስድስተኛው ቀን ቦኖ ጋ ሰው በጀሪካን ተፈነካከተ። በዘጠነኛው ቀን አራት ቤት ጓዙን በአህያ ጭኖ ሄደ። ሲሄዱ አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከእኛ ሦስተኛ ቤት አንድ የወደብ ሠራተኛ ነበር፣ ወጣት፣ የእኔ ምድብ ውስጥ የጀመረ ልጅ። ሚስቱ ሰባት ወሯ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ባዶ ባልዲ ይዞ መጣ።

"ጋሼ፣ አንድ ባልዲ። ለመጠጥ አይደለም፣ ልቧን እየደከማት ነው፣ ገላዋን ላቀዝቅዝላት።"

"ማኅተሙ ከተቀደደ ነገሩ አለቀ።"

"አንድ ባልዲ ጋሼ።"

"ሁለተኛው ቁልፍ እሱ ጋ ነው፣ ብፈልግም አልችልም።"

"ሰንሰለቱን እኔ እሰብረዋለሁ። እርስዎ ዞር ይበሉ ብቻ።"

ዞር አላልኩም። ክዳኑ ላይ ተቀመጥኩ። ቆርቆሮው ሱሪዬን አልፎ ያቃጥለኛል፣ እኔ ተቀምጫለሁ። ያ ወጣት ቆሞ አየኝና ሄደ። ማግስቱን ቦኖ የሚከፈትበት ቀን ነበር። እሱ ሥራ ገብቶ ነበር፣ ሚስቱ ራሷ ሄደች። ጀሪካኑን ሞልታ ስትመለስ መንገድ ላይ ወደቀች። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ሲቀብሩት ልሄድ በር ላይ ደረስኩ፤ አባትየው በእጁ ተመለስ አለኝ። ተመለስኩ። ከሳምንት በኋላ እነሱም ከሰፈሩ ወጡ።

ይህን ሌላ ሰው ሲያወራ አልሰማሁም፤ "ሽማግሌው ረታ" ብቻ ነው የሚሉት።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ፍየሎቹን ሰብስባ ነበር። ከአሥራ አራቱ ዘጠኝ ቀርተዋል።

"ሰባት ቀን ነው የቀረው" አልኳት።

"ለማን ነው ሰባት ቀን? እነዚህ ሰባት ቀን የላቸውም።"

"ክሱን እየረታን ነው።"

"እኔ ክስ አልጠጣም።"

"በይሉል ወንድምሽ ቤት ምን ልታደርጊ ነው?"

"ውሃ ልጠጣ ነዋ!" አለችና ገመዱን አነሳች። ትንሽ ቆማ፣ "አብረኸኝ ና" አለች።

"ቁልፉ እኔ ጋ ነው።"

"እንግዲያው ከቁልፍህ ጋር ኑር። ከጉድጓዱ ቀድቼ ለእንግዳ የምሰጥበት ቀን ሲመጣ ላክብኝ። ከዚያ በፊት አትላክ።"

የበይሉልን መንገድ ይዛ ሄደች። ፍየሎቹ ቀስ ይላሉ፣ እሷም ቀስ ትላለች፣ ለረጅም ጊዜ ትታየኝ ነበር።

በሃያ አንደኛው ቀን ማኅተሙ ተቀደደ። ክዳኑ ሲነሳ መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው። ዳኛው መሐረብ ያዙ። ጠርሙሱ ወርዶ ሲወጣ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ጥቁር ነገር ተንሳፍፎበታል። ከጉድባው ሥር አሸዋው ሲቆፈር አካፋው ጥቁር ሆኖ ነው የወጣ፣ በጉድጓዱ አቅጣጫ ሲቆፈርም ጥቁር፣ ሃምሳ እርምጃ ርቀውም ጥቁር። ጠበቃው ከረባቱን ፈታ። ባለ ግቢው፣ "እኔ እኮ አሸዋው የሚያጠፋው መስሎኝ ነው" አለ። አመንኩት። እኔም ጉድጓድ በሳሙና ያጠብኩ ሰው ነኝ።

ከሰፈሩ ከሠላሳ ሁለቱ ቤት አሥራ ዘጠኙ ነበር የቀረው። አንድም ሰው እልል አላለም።

ፍርዱ የተሰጠው ሐምሌ ውስጥ ነው። እኔ ፍርድ ማለት አንዱ ይረታል ሌላው ይሸነፋል፣ መዝገብ ይዘጋል ማለት ይመስለኝ ነበር። እኚህ ዳኛ እንደዚያ አላደረጉም። ጉድባው ተጠርጎ ይወጣል፣ ጥቁሩ አሸዋ እየተቆፈረ ይነሳል፣ ዘይቱ ከእንግዲህ በሲሚንቶ ገንዳ ይጠራቀማል፣ ጉድጓዱ በየቀኑ በላቫጆው ሠራተኞች ይቀዳል። እስኪጠራ ድረስ ባለ ግቢው በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ለሰፈሩ በቦቴ ውሃ ያቀርባል። "መዝገቡን ግን አልዘጋም" አሉ። በየወሩ ሁለታችንም ቀርበን የተሠራውን እንናገራለን፤ ለእኛ ሳይነገረን፣ ቀን ሳይቆረጥ፣ ባለሙያ ልከው ውሃውን ያስቀዳሉ። ሳይነገራችሁ ሲሉ ወደ እኔ አዩ። ገባኝ።

"ስንት ጊዜ ይፈጃል እስኪጠራ?" አልኩ።

የጤና ባለሙያው ከዳኛው ቀድሞ መለሰ። "አባት፣ አልዋሽዎትም። አንድ ክረምትም ሁለት ክረምትም ሊሆን ይችላል። ላይጠራም ይችላል።"

ዳኛው ጸሐፊያቸውን አንድ ደብተር አስመጡና በእጃቸው ሰጡኝ።

"በየቀኑ የሆነውን የሚጽፍ ሰው ያስፈልገኛል። ለሁለቱም ወገን የማያዳላ።"

"እኔ ከሳሽ ነኝ፣ እንዴት አላዳላም?"

"በራስዎ ላይ የመሰከሩ ሰው ነዎት።"

"መጻፍም ብዙ አልችል።"

"'መጡ' እና 'አልመጡም'። ሁለት ቃል ነው አቦይ።"

ወደ ቤት ስመለስ ሐጂ እጄን ይዞ፣ "እንኳን ደስ አለህ" አለኝ። ለማን እንደምነግር አጣሁ። ቤቱ ባዶ ነው፣ ፍየሎቹ የተኙበት ቦታ አሸዋው ተስተካክሏል። ደብተሩ ላይ መስመር አሰመርኩ፣ ሁለቱን ቃላት በሐጂ የሱቅ ወረቀት ላይ ደጋግሜ ተለማመድኩ።

ማግስቱን ጠዋት ጎህ ሲቀድ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። የአሥራ ዘጠኙ ቤት ሰዎች ጀሪካናቸውን በመስመር ደረደሩ፤ ራሳቸው ጥላ ውስጥ ገብተው መንገዱን አዩ። አንድ ሰዓት ሆነ። ተሳቢዎች አለፉ፣ ቦቴ አልመጣም፣ ሠራተኞቹም አልመጡም። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት አሮጊት ጀሪካኗን አንስታ ወደ ቦኖ መንገድ ጀመረች። ሁለት ሰዓት ሲሆን ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩና "አልመጡም" ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቹ ከመስመሩ ወጡ፣ ግን ይነበባሉ። ከዚያ ተነስቼ በእግሬ ፍርድ ቤት ሄድኩ፣ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ቆምኩ።

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። "አባት፣ ትናንት አይደል እንዴ የተፈረደልዎ?"

ደብተሩን ከፍቼ በመስኮቱ አስገባሁለት።